ያሬድም ከትምህርት ቤት ሸሽቶ ነበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፤

ጠዋት ደብተሩን ሲያነሡለት «ሆዴን ቆረጠኝ» ብሎ የሚያለቅስ፥ ቅዳሜ ግን ሲቦርቅ የሚውል ታናሽ ወንድም በየቤታችን አይጠፋም። እኛም ፈጥነን «ሰነፍ፥ አስመሳይ» እንለዋለን። ነገር ግን ፍርሃት ሆድን በእውነት ያሳምማል።

ግንቦት 11 ቀን የምናከብረው ቅዱስ ያሬድም በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም እንዲህ ያለ ልጅ ነበር። ትምህርቱ አልያዝለት ቢል አጎቱና መምህሩ አባ ጌዴዎን ገረፉት፤ እርሱም ሸሸ። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ሲታገል አየ፤ ስድስት ጊዜ ወደቀ፥ በሰባተኛው ወጣ። ያሬድም ተጽናንቶ ተመለሰ፥ ይቅርታም ጠየቀ፤ መምህሩም ተቀበሉት። ያ የሸሸ ልጅ የደረሰው ድጓ የምስክር ጉባኤ ቤቱ እዚሁ ደቡብ ጎንደር፥ ጋይንት ቤተልሔም ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕቱም ዙር አምባ ነው።

ይህን ታሪክ ዘወትር የምንነግረው ለልጁ ነው፤ «እንደ ትሉ ጽና» እንለዋለን። ለታላላቆችስ ምን ይላል? ልጁን ያሸሸው ግርፋት ነበር፤ የመለሰው ግን ተስፋና ይቅርታ ነው። ጌታችንም የገሠጸው ሕፃናቱን የከለከሉትን ደቀ መዛሙርት ነው፤ ሕፃናቱን ግን አቅፎ ባረካቸው (ማር. 10)።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አስቀድመን ምክንያቱን በእርጋታ እንጠይቅ። የመምህር ዱላ ነውን? የጓደኛ ፌዝ? የመንገድ ውሻ? ከእናት መለየት? ወይስ ዓይኑ ሰሌዳውን አጥርቶ አያይም? ሕመም እንደሆነም ጤና ጣቢያ ይታይ። ከዚያ በኋላ ግን ቤት አናስቀረው፤ በቀረ ቁጥር ፍርሃቱ ይበረታልና። ለመምህሩ እንንገር፥ አጅበን እናድርሰው፤ ቢያስፈልግ መጀመሪያ ጥቂት ሰዓት፥ በማግሥቱ ጨመር እያደረገ ይልመድ። በደረሰ ጊዜም እናመስግነው።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ከተነሣው ጦርነት ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ርቀዋል። ተኩስ የሰማ ልጅ ቢፈራ አይፈረድበትም፤ መንገዱ አስጊ ሲሆንም ሂድ ማለት አይገባም። ያን ጊዜ ፊደል የቆጠርን እኛ በቤትና በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ እናስጠናው፤ ደብተሩ ተዘግቶ እንዳይቀር።

ሐሙሲት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ ከነገ ጀምሮ እያንዳንዳችን አንድ የፈራ ልጅ እጁን እንያዝ። ከመካከላቸው ያሬድ ይኖር ይሆናልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።