ምስክር ያልነበረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እኅታችን በድምፅ እንዲህ ጠየቀችኝ፦ «አባቴ፣ ወንድሜ ከየመን ወደ ዓሪዳ ሲሻገር ተራራው ላይ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆነው። አስከሬኑን ያየ የለም፤ በሕይወት ያገኘውም የለም። አንድ ልጅ ደግሞ በሳይንስ ሰው ያላየው ነገር አለም የለምም አይባልም አለኝ። ምን ልበል?»

እኔ ያደግሁት በቅኔ ቤት ነው፤ ሳይንሱን የተማሩ ልጆችን ጠየቅሁ። ኳንተም በሚባለው ትምህርት እጅግ ጥቃቅን ነገሮች እስኪለኩ ድረስ ብዙ አማራጭ በአንድነት ይዘው ይገለጣሉ፤ ሲለኩ አንዱ ብቻ ይገኛል። ልጁ የሰማው ይህን ነው። ነገር ግን ሊቃውንቱን ራሳቸውን ያስጨነቀ ጥያቄ አለ። አለን ጉት በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሐሳብ፣ ጽንፈ ዓለም በመጀመሪያዋ ቅጽበት እጅግ በፍጥነት ተለጠጠ። በኋላም በዚያን ጊዜ የነበረው ጥቃቅን መዋዠቅ የጋላክሲዎች ዘር ሆነ ተባለ። ታዲያ ያን ጊዜ ማን ለካ? ሰው የለ፣ መሣሪያ የለ። ሁሉ ቦታ አንድ ዓይነት ከነበረ፣ እዚህ ይወፍር እዚያ ይሳሳ ያለው ምንድን ነው?

በ1986 ጊራርዲ፣ ሪሚኒና ዌበር ነገሩ ያለ ተመልካች በራሱ አንዱን ይይዛል አሉ። በ2006 ዳንኤል ሱዳርስኪና ባልደረቦቹ ይህን የመሰለ ሐሳብ ወደ ዓለም መጀመሪያ ወሰዱት። ክርክሩ ገና አልተቋጨም። «ተመልካቹ እግዚአብሔር ነው» ብሎ ቶሎ መዝጋት ያስመኛል፤ እኔ ግን አልወደውም። ነገ ሌላ መልስ ቢያገኙ እምነታችንን በሰው ስሌት ላይ አንጠልጥለን እንቀራለን።

አክሲማሮስ የተማረ ሰው ግን እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። በዕለተ እሑድ ከተፈጠሩት ስምንቱ ሰባቱ በአርምሞ፣ ብርሃን ብቻ በነቢብ እንደተፈጠረ ተምረናል። መላእክት እንኳ የራሳቸውን መፈጠር አላዩም። ከፍጥረት ወገን ምስክር አልነበረም፤ ሆኖም ተፈጠሩ።

ልጄ፣ አንቺ ስላላወቅሽ ወንድምሽ በሞትና በሕይወት መካከል አልተንጠለጠለም። ወይ በሕይወት አለ፣ ወይ አርፏል። ያየ የለምና በተራራው ላይ የሆነው አልሆነም የሚልሽ ቢመጣ አትስሚው። ፍትሐቱን ግን አትቸኩዪበት፤ ታስሮ ስልክ ያጣ ብዙ ነው። እስከዚያው የክርስትና ስሙን ላኪልኝ፣ በጸሎት እጠራዋለሁ። ሰው የጠፋባችሁ ሌሎችም እንዲሁ ላኩ፤ ለእኔ ብቻ ይሁን እንጂ ሁሉ በሚያየው ላይ አትጻፉት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።