ቤት ማከራየት በክርስቲያን ሕሊና ፊት

በአዲስ አበባ ከተማ በስተ ምሥራቅ ሕዝቡ ሳሊተ ምሕረት እያለ የሚጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያው ካለችው ከእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ነው። ስሙ ተስተካክሎ ሲጻፍ ሰአሊተ ምሕረት ነው፤ ሰአለ ለመነ ማለት ነውና ትርጓሜው ምሕረትን የምትለምን ይሆናል። ዛሬ ግን ይህ ስም አብዝቶ የሚነገረው በደላሎች አፍ ነው። ከሰአሊተ ምሕረት አጠገብ፥ ሁለት መኝታ ያለው፥ ውኃ የማይጠፋበት ይባልና ዋጋው ይከተላል። የምሕረት ለማኟ ስም የኪራይ ማስወደጃ መሆኑን ስንሰማ ማዘናችን አልቀረም።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ግን በጽዋ ማኅበር ላይ የቀረበልን ጥያቄ ነው። በንስሐ የተነገረ ቢሆን ኖሮ በዚህ ባላነሣነውም ነበር፤ ነገር ግን ጠበል ጸዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ሁሉ እየሰማ የተነገረ ስለ ሆነ እናወሳዋለን። በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት፥ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ በግቢያቸው ጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች አከራይተው የሚኖሩ፥ እንዲህ ሲሉ ጠየቁ። «አባታችን፥ ተከራዬ መምህር ነው፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት፤ አራት ዓመት አብረን ኖረናል። የጎረቤቴ ክፍል ግን አሁን በእጥፍ ተከራየ። ብጨምርበት ኃጢአት ይሆንብኛልን? ባልጨምርስ መድኃኒቴን በምን እገዛለሁ?» አንድ ጎልማሳ ከወዲያ ማዶ ቀበል አድርጎ «ኪራይ ሁሉ አራጣ ነው» አለ፤ ሌላው ደግሞ ገበያው ያወጣውን ዋጋ መቀበል ምን ኃጢአት አለበት ሲል መለሰለት። እኛም ጠቡን ለማብረድ ያህል ያልበሰለ መልስ ሰጥተን ተነሣን፤ ሌሊቱን ግን ነገሩን ስናወጣና ስናወርድ አደርን።

በመጀመሪያ ኪራይ አራጣ ነውን? አራጣ በኦሪትም በሊቃውንትም የተነቀፈበት ምክንያት የታወቀ ነው። አበዳሪው ገንዘቡን ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ተበዳሪው ነግዶ ቢከስር ወይም ታሞ ቢተኛ ወለዱ አይቆምም፤ ስለዚህ ድካሙም ጥፋቱም በአንዱ ወገን ብቻ ይወድቃል። ቤት ግን ያረጃል፤ ቆርቆሮው ይዝጋል፥ ግድግዳው ይሰነጠቃል፥ የመጸዳጃው ጉድጓድ ይሞላል፤ ይህንም ሊሸከም የሚገባው ባለ ቤቱ ነው። እንግዲህ ኪራይ የሚያረጅ ነገር ዋጋ ነውና በራሱ ነቀፋ የለበትም። ፍትሐ ነገሥትም በሥጋዊው ክፍሉ ስለ ሽያጭ፥ ስለ መያዣና ስለ ኪራይ ሥርዐት ይሠራል እንጂ ኪራይን አይከለክልም። ቅዱስ ጳውሎስም በሮም የኖረው ተከራይቶ ነው፤ በሐዋርያት ሥራ በመጨረሻው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው ሁለት ዓመት ሙሉ በኪራይ ቤት ተቀምጦ ወደ እርሱ የሚመጡትን ሁሉ ይቀበል ነበር። የአከራዩ ስም አልተጻፈልንም፤ ነገር ግን እስረኛን ከጠባቂው ወታደርና ከሚመላለሰው እንግዳ ሁሉ ጋር ችሎ ሁለት ዓመት ያኖረ ሰው መልካም አከራይ ሳይሆን አይቀርም።

ነገር ግን አራጣ አይደለም ስላልን አራጣን ሊመስል አይችልም ማለታችን አይደለም። ባለ ቤቱ ቆርቆሮውን ሳይለውጥ፥ ጉድጓዱን ሳያስመጥጥ፥ በየዓመቱ ዋጋውን ብቻ የሚጨምር እንደ ሆነ፥ የቤቱን ድካም ለተከራዩ ትቶ ፍሬውን ብቻ መውሰዱ ነውና ከአራጣ አበዳሪው የሚለይበት ነገር እየጠበበ ይሄዳል።

አገራችን በዚህ ነገር ብዙ አይታለች። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከለከለ፤ ማከራየትም የመንግሥት ሥራ ብቻ ሆነ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያነሱት ወደ ቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ። የቤተ ክርስቲያንም ቤቶች አብረው ተወረሱ። ኪራዩ ስለ ተቀነሰ ድኻው ዕረፍት አግኝቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። በሌላ በኩል ግን የቀበሌ ቤቶች ጠጋኝ አጥተው ሲያዘምሙ በዓይናችን አይተናል፤ በሁለት ክፍል ኪራይ የሚተዳደሩ መበለቶችም ከባለ ብዙ ቤቱ ጋር እኩል ተቈጥረው ቤታቸውን ተነጥቀዋል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 5 ቤትን ከቤት ጋር እያያያዙ ለሌላው ስፍራ የማያስቀሩትን ወዮላችሁ ሲል ገሥጿል። ተግሣጹ በጊዜው ሳይሰማ የቀረ እንደ ሆነ በኋላ የሚመጣው ምሳር መልካሙንና ክፉውን ዛፍ ለይቶ አይቈርጥም።

ዛሬ ዘመኑ ሌላ ነው። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ፥ በላዩ የተሠራው ቤት የሠሪው ንብረት ነው፤ ይሸጣል፥ ይከራያልም። ከሰአሊተ ምሕረት እስከ ሰሚትና እስከ አያት፥ አልፎም እስከ የካ አባዶ ድረስ ቀድሞ እርሻ የነበረው አገር በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ቪላና የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሆኗል። አስፋልቱ ሲዘረጋ፥ የከተማው ባቡር አያት ሲደርስ፥ የቤቱ ዋጋ ከፍ ይላል፤ ባለ ቤቱ ግን በቤቱ ላይ አንዲት ድንጋይ አልጨመረም። ገበያው ያወጣው ዋጋ የሚሉት ከፍ ያለው ክፍል ከዚህ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ሁሉን የእኔ ድካም ፍሬ ነው ማለት አይቻልም።

መንግሥትም ነገሩን አይቶ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አውጥቷል። በዚህ አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ሊመዘገብ ይገባዋል፤ ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ ይሆናል፤ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ተቈጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ብቻ ነው። ሁለት ዓመት የሚለውን ስናነብ የሐዋርያው ሁለት ዓመት ትዝ ብሎን ፈገግ ማለታችንን አንሰውርም፤ ሕግ አውጪዎቹ ከዚያ ወሰዱት ማለታችን ግን አይደለም።

እንግዲህ ለእኒያ እናት ጥያቄ ሕጉ ግማሹን መልሷል፤ ኪራዩን በአንድ ጊዜ እጥፍ ማድረግ አይቻልም። የቀረው ግማሽ ግን የሕሊና ነው። ሕጉ የማያየው ብዙ መንገድ አለና። ልጄ ከውጭ አገር ስለሚመጣ ቤቱን ለራሴ እፈልገዋለሁ ብሎ፥ ተከራዩ ሲወጣ ለሌላ በላቀ ዋጋ የሚያከራይ አለ። ውኃውን የሚዘጋ፥ መብራቱን ቈጥሮ የሚያጠፋ፥ ማታ በሩን ቀደም ብሎ የሚቈልፍ አለ። ይህ ሁሉ ሳይናገሩ ውጣ ማለት ነው።

የዋጋው ልክ ምንድን ነው ለሚለን ደግሞ ይህን እንላለን። አከራዩ ሲጨምር ልቡን ይጠይቅ፤ የምጨምረው የእኔ ወጪ፥ ጥገናውና ግብሩ፥ የዕለት ጉርሴም ስለ ተወደደብኝ ነውን? ወይስ ይህ ሰው ወዴትም ሊሄድ እንደማይችል ስላወቅሁ? ልጆቹ በአጠገብ ባለው ትምህርት ቤት ይማራሉ፥ ዓመቱ ገና እኩሌታ ነው፥ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ናት፥ ስለዚህ የጠየቅሁትን ይከፍላል ብሎ የሚጨምር ሰው ያከራየው ቤቱን አይደለም፤ የሰውየውን ጭንቀት ነው። ሁለቱ በብር ሲቈጠሩ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ በእግዚአብሔር ፊት ግን አንድ አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ከአከራዮች አንዳንዶቹ የወር ኪራይ ምረዋል፤ እነዚህ የተከራያቸውን ጭንቀት አይተው ቀነሱ እንጂ አልጨመሩበትም።

ከዚህ የሚከፋ፥ ነገር ግን ብዙ ሰው እንደ ኃጢአት የማይቈጥረው፥ ሌላ ልማድ አለ፤ ይኸውም ሁለት ውል መጻፍ ነው። እውነተኛው ዋጋ በኪስ ይቀራል፤ ለወረዳውና ለግብር ሰብሳቢው የሚቀርበው ግን እኩሌታው ወይም ከዚያ ያነሰው ነው። በሽያጭም እንዲሁ ይደረጋል። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 32 በዓናቶት ያለውን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ሲገዛ ብሩን በሚዛን መዘነ፥ በምስክሮች ፊት አስፈረመ፥ ውሉንም የታተመውንና የተከፈተውን ሁለቱን በሸክላ ዕቃ አስቀመጠ። የእርሱም ውል ሁለት ነበረ፤ ነገር ግን አንዱ ለሌላው ምስክር ነበር፤ የእኛዎቹ አንዱ የሌላውን ሐሰት የሚያጋልጥ ነው። ጠብ በመጣ ጊዜም ዳኛው የሚያየው የተመዘገበውን ነውና ሐሰተኛው ወረቀት በጻፉት ሰዎች ላይ ይመሰክራል። በስመ ሥላሴ አማትቦ የሐሰት ውል ላይ የሚፈርም ክርስቲያን እንዳለ ስለምናውቅ ነው ይህን አስረዝመን የምንናገረው።

ቤት የሚገዛም ሰው ሕሊናው ንጹሕ ይሁን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል በሚያዋውል አካል ፊት እንዲሆን ያዝዛል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግም የጋራ ቤት ያለ ባልና ሚስት ስምምነት እንዳይሸጥ ያዝዛል። ከጋራ መኖሪያ ቤት ግን በዕጣ ከደረሰ በኋላ 5 ዓመት ሳይሞላው፥ ሽያጩ ስለማይፈቀድ፥ በውክልና ብቻ የሚሸጡና የሚገዙ አሉ። ውክልና ሰጪው ሲሞት እንደሚያበቃ ሳያውቁ ገንዘባቸውን አስረክበው፥ ከሟቹ ወራሾች ጋር ሲካሰሱ ዓመታት የሚያልፉባቸው ወገኖች አሉ። ወራሾቹም ሕፃናት ሲሆኑ ነገሩ ይብሳል፤ ገዢው ገንዘቤን ከፍያለሁ ይላል፥ ሙት ልጆቹም የአባታችን ቤት ነው ይላሉ፥ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አባታችን አብርሃም የመቃብር ዋሻውን በነጻ ውሰድ ሲባል እምቢ ብሎ በሕዝብ ፊት 400 ሰቅል የመዘነው እንዲህ ያለውን ጠብ ለልጆቹ ላለማውረስ ይመስለናል።

ተከራዩም ቢሆን ሕግ ደገፈኝ ብሎ ኪራይ እየያዘ የሚቀመጥ፥ የተቀበለውን ቤት አበላሽቶ የሚሄድ፥ ሳያስፈቅድ ለሌላ የሚያከራይ ከሆነ በደለኛ ነው። ብዙ ባለ ቤት ሀብታም አይደለም፤ መበለቲቱ ከመምህሩ ይልቅ ድኻ ልትሆን ትችላለች። ነገር ግን በዚህ ላይ አንዘገይም፤ በአብዛኛው ጥፋቱ በዚያኛው ወገን ነውና።

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይሆንልንም። ልጅ ያለው አንፈልግም የሚሉ አከራዮች በዝተዋል። በገና ሌሊት በቤተ ልሔም ስፍራ አልነበራቸውም እየተባለ ሲነበብ ቆመን እያለቀስን፥ በማግስቱ ሕፃን ያቀፈችውን ሴት ከበር እንመልሳለን። እኛ ካህናቱም ብንሆን ከወቀሳ ነጻ አይደለንም፤ አንዳንድ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት በቅጥራቸው ዙሪያ ሱቅ ሠርተው ያከራያሉ፥ ዋጋውንም ሲተምኑ ከአጠገባቸው ካለው ነጋዴ አያንሱም። ስለ መበለቲቱ ከመፍረዳችን በፊት ይህን ማየት ነበረብን።

በሁለተኛው ወር ጽዋ እኒያን እናት ጠርተን መጀመሪያ ከመምህሩ ጋር ውል እንዲጽፉ፥ እውነተኛውን ዋጋ እንዲጽፉ፥ ሕጉ ከፈቀደው እንዳያልፉ፥ ከዚያ በታች ያለውን ግን ሁለቱ ተቀምጠው ችግራቸውን ተነጋግረው እንዲወስኑ ነገርናቸው። ልጃቸውን የሚያህል ሰው ፊት ስለ መድኃኒታቸው መናገር አሳፍሯቸው ነበር። ኋላ እንደ ነገሩን መምህሩ ቡናውን እየጠጣ ሰማቸውና የጓሮውን ቆርቆሮ ክረምቱ ሳይገባ ራሱ ሊያስጠግን፥ ወጪውም ከኪራዩ ሊታሰብለት ተስማሙ። ወረዳም አብረው ሄደው ውሉን አስመዝግበዋል። የጨመሩትን ገንዘብ ግን አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።