ስለ ክንድ ዋጋና ስለ ብዕር ዋጋ

በዚህ ዓለም ሰው የሚኖረው ወይ ባለው ሀብት ነው፤ ወይ በሚሠራው ሥራ ነው። መሬት ያለው እህሉን፣ ነጋዴ ሸቀጡን ይሸጣል፤ ሁለቱም የሌለው ግን የሚሸጠው የገዛ ኃይሉን ነው። የቀን ሠራተኛ ክንዱን፣ ደራሲም አሳቡን ይሸጣል። የሁለቱ ኑሮ ሲያዩት የተራራቀ ይመስላል፤ ነገር ግን የገንዘብ ዋጋ በተለወጠ ጊዜ ወንድማማች መሆናቸው ይታወቃል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ አስቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር ከጥቂት ወራት በኋላ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ማዳበሪያም ሆነ ወረቀት የሚገዛው በዚሁ ዶላር ነው። ስለዚህ የፍኖተ ሰላም ነጋዴ በሸቀጡ ላይ ዋጋ ይጨምራል፤ የቡሬ ገበሬም በቆሎውንና በርበሬውን በገበያው ዋጋ ለመሸጥ ይሞክራል። በፋብሪካ ደጅ ጆንያ የሚሸከመው ጐበዝ ግን ደመወዙን ራሱ ሊጨምር አይችልም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ ዳሩ ግን ሕግ ስለ ተጻፈ ብቻ እንጀራ አይጋገርም።

ደራሲም እንዲሁ ነው። ወረቀት ሲወደድ የመጽሐፉን ዋጋ ከፍ ቢያደርግ አንባቢው ይሸሸዋል፤ ዝቅ ቢያደርግ የማተሚያ ቤቱን ዕዳ መክፈል ያቅተዋል። በዚህ ጊዜ አንድ ባለጸጋ ይመጣና «እኔን አመስግነህ ጻፍ፤ ማሳተሚያውን እከፍልልሃለሁ» ይለዋል። ከሁሉ የሚከፋው ፈተና ይህ ነው። የሠራተኛ ድካም በርካሽ ቢሸጥ ቤተ ሰቡ ይጎዳል፤ የደራሲ ብዕር ቢሸጥ ግን እውነትን የሚፈልግ ሁሉ ይጎዳል።

የአቸፈሩ ተወላጅ አቤ ጉበኛ በብዕሩ ለማደር የቆረጠ ደራሲ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የታተመው «አልወለድም» ቢታገድበትም መጻፉን አልተወም። ለዚህ ያበቃው የገዛ ድፍረቱ ነው፤ ደግሞም ሳንቲሙን ቆጥሮ መጽሐፉን የሚገዛ አንባቢ ስለ ነበረው ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ «ምን ላድርግ፣ ገበያው ነው» ማለት ኅሊናን አያነጻም። ዝናብ ከሰማይ ይወርዳል፤ ዋጋን የሚቈርጡት ግን ሰዎች ናቸው። ለአረም ወይም ለአጨዳ ሰው ብትቀጥር ዐምና የከፈልኸውን አትመልከት፤ ዘንድሮ ቤቱን የሚያሳድርለትን ክፈለው፤ ኦሪትም ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድትሰጠው ታዝዛለች። መጽሐፍ ቢወደድብህ ከባልንጀሮችህ ጋራ አዋጥተህ ግዛ፤ ሰርቆ ከሚያባዛው ሰው ግን አትግዛ። ይህን ብታደርግ ሠራተኛው በላቡ ያድራል፤ ደራሲውም የማንንም ፊት ሳያይ እውነቱን ይነግርሃል።