ዘመንን መቍጠርና ለምጽአት መዘጋጀት

ከዐቢይ ጾም እሑዶች አምስተኛው ደብረ ዘይት ይባላል። ጌታችን በደብረ ዘይት ተራራ ተቀምጦ ሳለ ደቀ መዛሙርቱ ቀርበው ስለ ቤተ መቅደሱ መፍረስ፥ ስለ መምጣቱና ስለ ዓለም ፍጻሜ የጠየቁት፥ እርሱም የመለሰላቸው ቃል (ማቴ. 24) በዚህ ዕለት ይነበባል፤ ይተረጐማልም። ጥያቄው ግን በዚያ ተራራ ላይ ተጠይቆ አላበቃም። ጭንቅ በመጣ ቍጥር ሕዝቡ ወደ ካህናቱ እየቀረበ ያንኑ ይጠይቃል።

በሰሜን ወሎ፥ በወልድያ፥ በሐራ፥ በመርሳና በሀብሩ አገር የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በዓለም ሁሉ ተሰማ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሓ አንበጣ በማሳው ላይ ወረደ፤ የክርስቲያኑንና የሙስሊሙን ማሽላ አልለየም። በዚያው ዓመት በነሐሴ ጦርነቱ ወልድያ ገባ፤ አገሩም እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በጭንቅ ቈየ። ይህ ሁሉ ተከታትሎ የደረሰበት ሕዝብ የዮሐንስን ራእይ ሲሰማ፥ የተባለው ይህ አይደለምን፥ ስምንተኛው ሺሕ ይህ አይደለምን ብሎ ቢጠይቅ አይነቀፍም። መምህሩ ግን ምን ብሎ ይመልስ? ፍጻሜው ደርሷል ቢል፥ ገበሬው ለከርሞ ዘር ማስቀመጡን ይተዋል። ገና ነው ቢል ደግሞ ልብ ይደነድናል፤ ንስሓም ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ስለዚህ አባቶች ነገሩን እንዴት እንደ ተረጐሙት መመልከት ይገባናል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፥ ልዩነቱ በመምጣቱ ላይ አለመሆኑ ነው። ጌታ በሕያዋንና በሙታን ሊፈርድ በክብር እንደሚመጣ፥ ለመንግሥቱም ፍጻሜ እንደሌለው በጸሎተ ሃይማኖት ዘወትር እንመሰክራለን። የትርጓሜው ልዩነት ስለ ምልክቱና ስለ ዘመኑ ቍጥር ነው።

ስለ ምልክቱ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም፥ የምዕራፉን መጀመሪያ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ70 ዓ.ም. በሮማውያን እጅ ለደረሰው ለኢየሩሳሌም ጥፋት፥ የኋለኛውን ለሐሳዌ መሲሕና ለዳግም ምጽአት ይሰጠዋል። የእኛም መምህራን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በልዩ ልዩ ወገን ያፍታቱታል። የፍቺው መብዛት የቃሉን ጥልቀት ያሳያል፤ ሃይማኖትን አይከፍልም። ሆኖም ሁሉም ፍቺ የንባቡን ወሰን ይጠብቃል። ለምሳሌ በራእይ 9፥4 የተነገረው አንበጣ ሣሩንና ልምላሜውን እንዳይነካ፥ የእግዚአብሔር ማኅተም የሌለባቸውን ሰዎች ብቻ እንዲጐዳ ታዟል። በሐራ ሜዳ ያየነው አንበጣ ግን ልምላሜውን በላ፤ ሰውን አልነደፈም። እንግዲህ ይህ ያ ነው ብሎ የሚያስተምር ሰው ንባቡን ሳይመረምር ተናግሯል።

በራእይ 20 ስለ ተጻፈው ሺሕ ዓመትም ጥንት ክርክር ነበረ። ፓፒያስ፥ ዮስጢኖስ ሰማዕትና ሄሬኔዎስ ጌታ በምድር ሺሕ ዓመት ይነግሣል ብለው ተስፋ አድርገዋል። አውግስጢኖስ ግን ሺሑን ዓመት ለቤተ ክርስቲያን ዘመን ሰጥቶ ተረጐመው። ቤተ ክርስቲያናችንም የጌታን ዳግም ምጽአት ለፍርድ እንጂ ለምድራዊ መንግሥት ነው ብላ አታስተምርም።

ክርክሩ የተፈታበት መንገድ ራሱ ትምህርት አለው። በሦስተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በአርሲኖኤ ኔጶስ የተባለ ኤጲስ ቆጶስ ስለ ምድራዊው ሺሕ ዓመት መጽሐፍ ጽፎ ብዙ ሰው ተከተለው። እርሱ ካረፈ በኋላ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ዲዮናስዮስ ወደዚያ ሄደ፤ የየመንደሩን ቀሳውስትና መምህራን ሰብስቦ ሦስት ቀን ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ መጽሐፉን ከእነርሱ ጋር መረመረ። የኔጶስን እምነትና ትጋት አመሰገነ፤ የተከራካሪዎቹንም እውነት ወዳድነት አደነቀ። በመጨረሻም መሪያቸው ቆራቅዮስ ያንን ትምህርት ዳግመኛ እንዳያስተምር በሁሉ ፊት ቃል ገባ። ይህን የታሪክ ጸሓፊው አውሳብዮስ መዝግቦታል። ዲዮናስዮስ ሥልጣን ሳለው በውግዘት አልጀመረም፤ በትዕግሥት ወንድሞቹን መለሰ።

ስለ ዘመን ቍጥር የአገራችን ታሪክ የሚነግረን ብዙ ነው። በባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ጌታ ልደት 5500 ዓመት ይቈጠራል፤ ስለዚህ 7000 ዓመት የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. ነው። ጥቂት ቈይቶ በ1521 ዓ.ም. በሽንብራ ኩሬ የንጉሡ የልብነ ድንግል ሠራዊት በግራኝ አሕመድ ተሸነፈ፤ አብያተ ክርስቲያናትም ተቃጠሉ። ፍጻሜው ደረሰ ለማለት የዚያን ዘመን ሰዎች የሚያህል ምክንያት ያለው ማን ነው? ነገር ግን ከዚያ ወዲህ 500 ዓመት ያህል አልፏል። ፍካሬ ኢየሱስም ከመከራ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራል። ደጃዝማች ካሣ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ይህን ስም ወሰዱ፤ ብዙዎችም ተስፋው ተፈጸመ አሉ። ንጉሡ በጀግንነት ኖረው በ1860 ዓ.ም. በዚሁ በወሎ በመቅደላ ዐረፉ፤ ዓለምም እንደ ነበረ ቀጠለ። ከአገራችን ውጭም አሜሪካዊው ዊልያም ሚለር ከዳንኤል መጽሐፍ ቈጥሮ ጌታ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1844 ይመጣል ብሎ አስተማረ፤ ቀኑ ሲያልፍ ብዙዎች በኀዘን ተሰበሩ።

ይህ ሁሉ የሆነው ያችን ቀንና ሰዓት ከአብ በቀር የሚያውቃት እንደሌለ (ማቴ. 24፥36) ጌታ የተናገረውን በመርሳት ነው። በቍጥር የተሰበሰበ ሰው ቍጥሩ ሲሳት ይበተናል። ከዚህም የሚከፋ ስሕተት አለ፤ ይኸውም መከራ ያገኘው ሕዝብ በኀጢአቱ ብዛት ለፍጻሜው ቍጣ ተመረጠ ብሎ መናገር ነው። በሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው ሰዎች ከሌሎች ይልቅ ኀጥኣን እንዳልነበሩ ጌታ አስተምሮ ሁሉን ወደ ንስሓ ጠራ (ሉቃ. 13፥4-5)። ልጇን በጦርነት ላጣች እናት ይህን የቍጣ ትርጓሜ የሚነግር ካህን ቍስል ላይ ቍስል ይጨምራል።

እንግዲህ የሚጠየቀው መምህር ምን ይመልስ? መልሱን ቤተ ክርስቲያን በሥርዐቷ አስቀምጣዋለች። ከደብረ ዘይት ቀጥሎ ያለው እሑድ ገብር ኄር ነው፤ በተሰጠው መክሊት ነግዶ ስላተረፈው ታማኝ አገልጋይ ይነበብበታል። በወንጌሉም ከምልክቶቹ ምዕራፍ ቀጥሎ በማቴዎስ 25 የፍርዱ ጥያቄ ተጽፏል፤ የተራበውን ማብላት፥ እንግዳውን መቀበል፥ የታረዘውን ማልበስ፥ የታመመውንና የታሰረውን መጠየቅ። በዚያ ቀን ዘመኑን በትክክል ቈጥረህ ነበርን ተብሎ የሚጠየቅ የለም። ቀኑ ቀርቧል ብለው ሥራ የፈቱትንም ቅዱስ ጳውሎስ በጸጥታ ሠርተው እንጀራቸውን እንዲበሉ አዝዟቸዋል (2ተሰ. 3፥10-12)።

ስለዚህ በሐራም ሆነ በሌላ አገር ፍጻሜው ደረሰን ብሎ ለሚጠይቅ ምእመን፥ ቀኑን አናውቅም፤ ሥራችንን ግን እናውቃለን እንበለው። ንስሓ ግባ፤ ማሳህን እረስ፤ ዘርህን አስቀምጥ፤ ቤቱ የፈረሰበትን ጎረቤትህን በሃይማኖት ሳትለይ አንሣው። ጌታ ዛሬ ቢመጣ በዚህ ሥራ ላይ ያገኝሃል፤ ቢዘገይም መዘግየቱ ትዕግሥት ነውና (2ጴጥ. 3፥9) ያዘራህን ለልጆችህ ታጭዳለህ።

ጌታ ሲመጣ በትጋት የሚገኙ አገልጋዮች ያድርገን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።