የታዘዘ ሶፋና የተጸጸተ ገዢ

ከሱቅ ታዝዞ የሚሠራ የቤት ዕቃ ከሌላው ግዢ የሚለየው ዋጋው በሚቆረጥበት ሰዓት ዕቃው ገና የሌለ በመሆኑ ነው። ገዢው ለማሳያ በቆመው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ይሞክራል፣ ጨርቁን ይዳስሳል፣ ቀለም ይመርጣል፣ ቀብድ ከፍሎ ደረሰኙን ይዞ ይወጣል። የገዛው ግን የተቀመጠበትን አይደለም፤ የእሱ ሶፋ እንጨቱ አልተቆረጠም፣ ስፖንጁም ከመጋዘን አልወጣም። በሳምንቱ ሐሳቡን ቢለውጥ፣ ወይም ተሠርቶ የመጣለት ዕቃ ካዘዘው ቢያንስ፣ «ገንዘቤ ይመለስልኝ» ማለቱ አይቀርም። ነገሩ ታዲያ በሕግ ብቻ አያልቅም። ሰው ገና ላልተሠራ ነገር በሰጠው ቃል እስከ ምን ድረስ ይታሰራል? ሻጩስ ላልጀመረው ሥራ የተቀበለውን ገንዘብ ይዞ መቅረት ይገባዋል? የሃይማኖት ሊቃውንትና ፈላስፎች ሶፋ ሳይኖር ጀምሮ በዚህ ተከራክረዋል።

ክርክሩን ለመከተል ሁለት ዓይነት ገዢዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ዕቃው ጉድለት ስላለበት ገንዘቡን የሚጠይቅ ነው፤ ሌላው ዕቃው ምንም ሳይሆን ስለተጸጸተ ብቻ የሚጠይቅ። በመጀመሪያው ላይ ሰፊ ስምምነት አለ። በጥንታዊት ሮም ገበያ የሚቆጣጠሩት ኤዲሊስ የተባሉ ሹማምንት ባወጡት ደንብ፣ ባሪያ ወይም ከብት የሚሸጥ ሰው በሽታውንና ነውሩን አስቀድሞ እንዲናገር ይገደድ ነበር። ሳይናገር ከቀረ ገዢው በስድስት ወር ውስጥ መልሶ ዋጋውን ይቀበላል፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ዋጋው እንዲቀነስለት ይጠይቃል። ሻጩ «አላወቅሁም» ብሎ አያመልጥም። በኋላ በዩስቲንያኖስ ዘመን ይኸው መርህ ወደ ሌሎች ሸቀጦችም ሰፋ። ሮማዊው ጸሐፊ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት በጻፈው «ስለ ግዴታዎች» በተሰኘው ሥራው የሁለት የስቶይክ ፈላስፎችን ሙግት ያነሣል። ባቢሎናዊው ዲዮጋን፣ ሻጭ ሕግ ያዘዘውን ጉድለት ከተናገረ የቀረውን የመናገር ዕዳ የለበትም ይላል፤ ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ደግሞ ሻጭ የሚያውቀውን ሁሉ ለገዢው መግለጥ አለበት ይላል። ሲሴሮ የፈረደው ለአንቲጳጥሮስ ነው።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የክርስትና ሊቁ ቶማስ አኩዊናስ ነገሩን ከሕሊና ወገን መረመረው። በእሱ ትምህርት ጉድለቱን ሳያውቅ የሸጠ ሰው ኃጢአት የለበትም፤ ያወቀ ዕለት ግን ገዢውን መካስ አለበት። ከዚህ የሚገርመው ሚዛኑን ወደ ገዢውም ማዞሩ ነው። ሻጩ ወርቁን ናስ መስሎት በርካሽ ቢሸጠው፣ ያወቀው ገዢ ልዩነቱን የመመለስ ግዴታ አለበት። የሸማች መብት በሚነገርበት መድረክ ይህ ሁለተኛው ወገን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ታዝዞ የሚሠራ ዕቃ ጉድለቱ በተለይ የሚደበቅ ነው። ዋንዛ ነው ተብሎ የተሸጠ ሶፋ ጨርቁ ሲገፈፍ ውስጡ ባሕር ዛፍ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቀጭን ስፖንጅ ተደራርቦ የተሞላ መቀመጫ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠንካራ ይመስላል፤ ከዚያ መሐሉ ይጎደጉዳል። ሳይደርቅ የተሠራ እንጨት በጋ ሲገባ ይሰነጠቃል፣ የቁም ሳጥኑም በር አልገጥም ይላል። ከእነዚህ አንዱም በትእዛዙ ቀን፣ አብዛኛውም በርክክቡ ቀን አይታይም። ስለዚህ በብዙ ሱቅ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ የተጸጸተውን ገዢ ለማስቆም ያገለግል ይሆናል እንጂ የተታለለውን ለማስቆም ምንም የሞራል መሠረት የለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሻጭ ዕቃው ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት የጸዳ መሆኑን ዋስ እንዲሆን ያደርጋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ዕቃ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ እንዳይገደድም ይኸው አዋጅ ደንግጓል።

የሚያስቸግረው ሁለተኛው ገዢ ነው። ዕቃው ደህና ነው፤ ልቡ ግን ተመለሰ። ቤቱ ሲለካ ሶፋው አይገባም፣ ወይም ሌላ ሱቅ በቅናሽ አገኘ፣ ወይም ገንዘቡ ለሕክምና ተፈለገ። የአይሁድ ሊቃውንት ይህን በሚሽና ውስጥ፣ ባባ መጺዓ በተባለው ክፍል አንሥተውታል። በእነሱ ሥርዓት ተንቀሳቃሽ ዕቃ በገንዘብ ክፍያ ብቻ ከባለቤት ወደ ባለቤት አይዛወርም፤ ገዢው ዕቃውን ወደ ራሱ መሳብ አለበት። ስለዚህ ከፍሎ ገና ያልተረከበ ሰው በሕግ መመለስ ይችላል። ሆኖም ሊቃውንቱ በቃሉ በማይጸና ሰው ላይ፣ የጥፋት ውሃን ትውልድ የቀጣ አምላክ እንዲቀጣው የሚል ብርቱ እርግማን አኖሩበት። ሕጉ ይፈቅዳል፣ ሕሊና ይወቅሳል። በዚያው ምዕራፍ መግዛት የማይፈልግ ሰው ዋጋ እየጠየቀ ሻጭን እንዳያጉላላ መከልከሉም ጸጸቱ ከመምጣቱ በፊት ያለውን ጨዋነት የሚመለከት ነው።

የእስልምና የሕግ ሊቃውንት ለታዘዘ ዕቃ የተለየ ቦታ ሰጥተዋል። በመርህ ደረጃ ሰው የሌለውን ነገር መሸጥ አይችልም። ግን ጫማ ሰፊውም አናጺውም በትእዛዝ ሲሠሩ የኖሩ በመሆናቸው የሐነፊ መዝሀብ (የሕግ አስተምህሮ) ሊቃውንት ኢስቲስናዕ ብለው ይህን ውል በልዩ ሁኔታ ፈቀዱት። ክርክሩ የተነሣው ዕቃው ተሠርቶ ሲመጣ ነው። የመዝሀቡ መሥራች አቡ ሐኒፋ፣ ያላየውን የገዛ ሰው ሲያየው የመቀበልም የመተውም ምርጫ እንዳለው ሁሉ ያዛዡም መብት እንዲሁ ነው አለ። ተማሪው አቡ ዩሱፍ ተቃወመ። በአንድ ሰው ልክና ምርጫ የተሠራ ዕቃ ለሌላ ገዢ ላይሆን ይችላል፤ እንደ ትእዛዙ እስከተሠራ ድረስ ያዛዡ መመለስ ሠሪውን መጉዳት ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የኦቶማን መንግሥት ያወጣው መጀሌ የተባለው የሕግ ስብስብ የተከተለው የተማሪውን ሐሳብ ነው።

በአቡ ዩሱፍ መንገድ የሄዱት መጀሌና ተከታዮቹ ብቻ አይደሉም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ በኢንተርኔት ወይም በስልክ የገዛ ሰው ያለ ምንም ምክንያት በ14 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ይፈቅዳል፤ ዕቃውን በዓይኑ አላየማ። በገዢው ልክና ምርጫ የተሠራ ዕቃ ግን ከዚህ ውጪ ነው። ሱቅ ገብቶ የገዛም በዚህ ድንጋጌ አይጠቀምም። ሱቅ ገብቶ ያዘዘ ሰው የሚወድቀው በሁለቱ መካከል ነው። አይቷል እንዳይባል ያየው ናሙናውን ነው፤ አላየም እንዳይባል ጨርቁን ዳስሷል። ሱቁ ደጋግሞ የሚሠራውን ሞዴል ያዘዘና በቤቱ ጥግ ልክ ያሠራ ሰውም እኩል ሊታዩ አይገባም። የመጀመሪያው ሶፋ ነገ ሌላ ገዢ ያገኛል፤ የሁለተኛው አያገኝም። ሕጎች ይህን ልዩነት ሲያልፉት ፍትሐቸው ይጎድላል።

የኢትዮጵያ ገበያ ለጸጸት ያበጀው መልስ ቀብድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ትቶ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የተቀበለው ወገን ውሉን ካፈረሰ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ ይመልሳል። መንገዱ ብልህ ነው፤ ጸጸትን ሳይከለክል አስቀድሞ ዋጋ ይቆርጥለታል፣ ለሁለቱም ወገን እኩል። በእስልምና ግን ዑርቡን የሚባለው ተመሳሳይ አሠራር አከራክሯል። የሐነፊ፣ የማሊኪና የሻፊዒ መዝሀብ ሊቃውንት በአብዛኛው ከልክለውታል፤ ሻጩ ምንም ሳይሰጥ የሰው ገንዘብ ይወስዳል በሚል ምክንያት። ሐንበሊዎች ፈቅደውታል፤ ሻጩ ዕቃውን ይዞ ሲጠብቅ ያጣው ገበያ አለና።

የከልካዮቹ ሐሳብ ክብደት የሚያገኘው እንጨቱ ሳይቆረጥ በፊት ነው። ትላንት ታዝዞ ዛሬ የተሰረዘ ሶፋ ሱቁን ያስከፈለው አንድ ቅጠል ደረሰኝ ነው፤ የዋጋውን ግማሽ ቀብድ ብሎ ማስቀረት በሕግ ቢያስኬድም ያለ ሥራ የተገኘ ጥቅም ነው። እንጨቱ ከተቆረጠ፣ ጨርቁ ከተቀደደ፣ አናጺው የቀን ሥራውን ከሠራ በኋላ ግን ቀብዱ ይመለስ ማለት ከአናጺው ኪስ መውሰድ ነው። እስልምና ለዚህ መሐል ኢቃላ የሚባል መንገድ አለው። የተጸጸተን ሰው ውል በፈቃዱ የሚያፈርስለት ሻጭ እግዚአብሔር በደሉን ይቅር እንደሚለው በሐዲስ ተነግሯል። ኢቃላ ምሕረት ስለሆነ ገዢ በግድ አይጠይቀውም፤ ሻጭም ሲያደርገው እንደ ዕዳ አይቆጠርበትም። ጉድለት ላለበት ዕቃ ገንዘብ መመለስ ግን ምሕረት አይደለም፤ ሱቆች ይህን እንደ ቸርነት ሲያቀርቡት የሚያሳፍር ነው።

ሠሪው ሲዘገይ ነገሩ ይገለበጣል። በወሩ ይደርሳል የተባለ ሶፋ በሦስተኛው ወር «እንጨት ጠፋ» ሲባል፣ ቃሉን ያፈረሰው ሻጩ ነው፤ ገዢው ገንዘቡን ሲጠይቅ እንደ ተጸጸተ ሰው ሊቆጠር አይገባም። እዚህ ላይ ገዢውን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ የማስረጃ እጦት ነው። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ሶፋ፣ ቀብድ ተከፍሏል» ብቻ ከሆነ፣ ዋንዛ መባሉንም የርክክቡንም ቀን የሚመሰክር የለም። ቁጥር 1885 «ሌላ ነገር ካልተስማሙ» የሚል ስለሆነ ሁለቱ ወገኖች የፈለጉትን መጻፍ ይችላሉ። የእንጨቱ ዓይነት፣ የስፖንጁ ውፍረት፣ ልኩ፣ የርክክቡ ቀን፣ እንጨቱ መቆረጥ የሚጀምርበት ዕለትና ከዚያ በፊት ለሚሰርዝ ሰው የሚመለሰው መጠን ቀብዱ ከመከፈሉ በፊት በወረቀት ላይ ሰፍረው ሁለቱም ሊፈርሙባቸው ይገባል።