ከአገር ሐዘን በኋላ የሚነገር ቃልና የአድማጩ መልስ

በደኅና ጊዜ የሚነገር ቃልና በሐዘን ጊዜ የሚነገር ቃል በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። በደኅናው ጊዜ መሪ ሲናገር አድማጩ የሚጠይቀው የታሰበው ሥራ ይሳካ እንደሆነ ነው። ሕዝብ ወገኑን በቀበረ ማግሥት ግን ጥያቄው ይለወጣል፤ «ይህ ሰው የደረሰብንን ያውቀዋልን?» የሚል ይሆናል። የሕዝቡም ስሜት አንዳንድ ጊዜ በጭብጨባ፣ አንዳንድ ጊዜ በዝምታ፣ አንዳንድ ጊዜም በጩኸት ይገለጣል። ከእነዚህ ውስጥ እውነተኛው መልስ የትኛው ነው? መልሱንስ ወደ ተናጋሪው ጆሮ የማድረስ ኃላፊነት የማን ነው? ጥያቄው የፖለቲካ ብቻ አይደለም፤ የሥነ ምግባርም ነው።

ከደሴ በጉጉፍቱ አልፎ ወደ አቀስታና ወደ መካነ ሰላም በሚዘልቀው ደጋ፣ እንደ ሌላው የወሎ ምድር ሁሉ፣ ሐዘን የራሱ ሥርዓት አለው። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን ሬሳ ይሸኛል። ቅሬው ሲጠራ የቀረ ሰው በአገሩ ደንብ ተጠያቂ ነው። ለቀስተኛ ሦስት ነገር ይጠበቅበታል፤ በጊዜው መድረስ፣ የሟቹን ስም ጠርቶ ማዘን፣ እንዲሁም እዝን ይዞ መምጣት። ከሁሉ በላይ ግን ለቅሶ የአንድ ወገን ንግግር አይደለም። አልቃሿ ስታወርድ ለቀስተኛው ይቀበላታል፤ ሐዘንተኛውም በተራው የሆዱን ያወጣል፤ ሽማግሌው አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ሐዘንተኛውን የሚያጽናናው የሰማው ቃል ብቻ አይደለም፤ የተናገረው ቃል መደመጡም ጭምር ነው። በአገር ሐዘን ላይ የሚናገር መሪ በሕዝቡ ዓይን ለቅሶ እንደ ደረሰ ሰው ነውና የሚመዘነው በዚሁ ደንብ ነው።

የወሎ ሕዝብ በዚህ መለኪያ ሁለት መንግሥታትን መዝኗል። በ1965 ዓ.ም. ረሃቡ በጸናበት ጊዜ የዘውዱ መንግሥት ነገሩን ሸፋፍኖ ለማለፍ ሞከረ። ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን የጎበኙት በኅዳር 1966 ዓ.ም. ነበር፤ ይህም ብዙው ሰው ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። ለቀስተኛው ዘግይቶ ደረሰ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው የረሃብ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ከቤተ መንግሥት የድግስ ትርኢት ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ድግሱንና አጽሙን አጎራብቶ ያሳየው ፊልም ለአዲሱ ሥልጣን ከብዙ ንግግር የበለጠ ሠራ። ተመልካቹን ያስቆጣው ረሃቡ ብቻ አልነበረም፤ ዝምታውም ጭምር ነበር።

ልክ አሥር ዓመት ሲሞላ ያው ፈተና በአዲሱ መንግሥት ላይ ተመለሰ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ችግር ላይ መሆኑን ለለጋሾች አስታውቆ ነበር፤ ስለዚህ አልታወቀም ነበር ሊባል አይችልም። ይሁን እንጂ በጳጉሜን 1976 ዓ.ም. በኢሠፓ መሥራች ጉባኤ ላይ ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ለሰዓታት ባሰሙት ሪፖርት ውስጥ ረሃቡ የያዘው ቦታ ከንግግሩ ርዝመት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነበር። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. አሥረኛው የአብዮት በዓል በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ሲከበር፣ የደጋው ገበሬ በሬውን ሸጦ፣ ዘሩን በልቶ ጨርሶ ነበር። በጥቅምት ወር የኮረም መጠለያ ትርኢት በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ደነገጠ። በመስከረም 1967 የድግሱን ፊልም ያሳየ ሥልጣን በመስከረም 1977 የራሱን ድግስ ደገሰ።

በየካቲት 1977 ዓ.ም. ንግግሩ ተለወጠ። መሪው ድርቁ የአገር ፈተና መሆኑን ለሕዝብ ገልጸው፣ ነዳጅ እንዲቆጠብ፣ የቅንጦት ዕቃ ከውጭ እንዳይገባ፣ ሠራተኛውም የአንድ ወር ደመወዙን እንዲያዋጣ አወጁ። የዚህ ንግግር አቀባበል አንድ ዓይነት አልነበረም። ለወገኑ ከልቡ ያዋጣ ብዙ ነው። ከደመወዙ ስለ ተቆረጠበት ብቻ የሰጠም አለ። ወሎዬው ገበሬ ደግሞ ቃሉን በድርጊቱ መዘነው። በሠፈራው ዘመቻ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ሲወሰድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከወሎ ነበር። ሠፈራው በፈቃድ ነው ተብሎ ተነገረ፤ በብዙ ቦታ ግን በግዳጅ ተፈጸመ። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» እንዲሉ፣ የሚነገረውና የሚደረገው ሲለያዩ አድማጭ በአፉ ባይመልስም በልቡ መልሷል።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በመሪውና በገበሬው መካከል ሰዎች ነበሩ። ካድሬው ንግግሩን ለገበሬ ማኅበሩ አብራራ፤ መምህሩ በስብሰባ ላይ አነበበው፤ የኪነት ቡድኑ ዜማ አበጀለት። ከስብሰባው በኋላ ወደ ላይ የሚሄደው ሪፖርት ግን «ሕዝቡ በታላቅ ስሜት ተቀብሎታል» የሚል ነበር። ዝምታው ስምምነት፣ የታዘዘው ጭብጨባ ፍቅር ተብሎ ተመዘገበ። መሪ ስላልሰማ ይወቀሳል፤ ነገር ግን ዝምታን ወደ እልልታ የሚተረጉም መልእክተኛ ካለው ከወዴት ይሰማል? ሐዘንተኛውን ዝም ያሰኘው አንድ ሰው አልነበረም፤ ቃሉን በየእርከኑ የለወጡት ሁሉ ነበሩ።

መቼም በሌላ ወገን የሚነሣ ክርክር አለ። መሪ ሽብር መንዛት የለበትም፤ የአገርን ክብር መጠበቅ አለበት፤ ደግሞም ንግግር እህል አይሆንም ይባላል። ንግግር እህል አለመሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ እህሉ የሚንቀሳቀሰው ረሃቡ በስሙ ሲጠራ ነው። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የ1965ቱን የወሎ ረሃብ መርምሮ፣ በአገሪቱ የነበረው እህል ብዙም ሳይቀንስ ወሎዬው የሚገዛበት አቅም በማጣቱ እንደ ሞተ አሳይቷል። ቆይቶም፣ ነጻ ጋዜጣና ተጠያቂ መንግሥት ባለበት አገር ታላቅ ረሃብ እንደማይደርስ ተከራክሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተራበው ሰው ድምፅ ሳይለወጥ ከደረሰ መንግሥት ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። የአገር ክብርስ ቢሆን ሬሳን በመሸፈን መቼ ተጠበቀ?

የታፈነ መልስ ጠፍቶ አይቀርም፤ ቀን ጠብቆ ይወጣል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን በሊቢያ በግፍ በተገደሉ ጊዜ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ሚያዝያ 14 ቀን መንግሥት በመስቀል አደባባይ ሰልፍ ጠርቶ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ለሕዝቡ ንግግር አደረጉ። ከሰልፈኛው ብዙዎች ግን ሐዘናቸውን ወደ ተቃውሞ ለወጡ፤ ፖሊስም አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። ልጆቻችን በበረሃ የሚሰደዱት ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ቀድሞ የሚደመጥበት ሸንጎ ቢኖረው ኖሮ፣ በለቅሶው ቀን በጩኸት ባልመጣ ነበር። ያ ጩኸት የሐዘን ነውር ተደርጎ ተቆጥሮ ይሆናል፤ በለቅሶ ደንብ ግን ሐዘንተኛ ተነሥቶ ቢናገር ነውሩ የሚያስቆመው ላይ ነው።

በመሆኑም ከአገር ሐዘን በኋላ የሚነገር ቃል በጊዜው መድረሱ፣ የደረሰውን በስሙ መጥራቱና እዝን ይዞ መምጣቱ ብቻ አይበቃውም፤ ለሐዘንተኛው የመልስ ስፍራ ሊተውለት ይገባል። ይህን ስፍራ የሚጠብቁት ደግሞ በመካከል የቆሙት ናቸው። ካድሬ ሪፖርት ሲጽፍ፣ መምህር ስብሰባ ሲመራ፣ ከያኒ ዜማ ሲያበጅ የሚያስተላልፈው የማንን ድምፅ እንደሆነ ራሱን መጠየቅ አለበት። የአቀስታ ደጋ ገበሬ የበልግ ዝናብ ሲቀርበት መጀመሪያ የሚነግረው ለእነርሱ ነው። የነገራቸውን ሳይለውጡ ካደረሱት ረሃቡ በጊዜው ስሙን ያገኛል፤ ከለወጡት ግን ሟቹን ያለ ስም የቀበሩት እነርሱ ናቸው።