መጪው ሞዴልና የሰሃላ መንገደኛ

ሰው ለኑሮው ከሠራቸው ዕቃዎች መካከል ሁለቱ ርቀትን አሸንፈውለታል። አንደኛው እግሩን የሚተካለት ተሽከርካሪ ነው፤ ሁለተኛው ጆሮውን የሚያስረዝምለት የድምፅ መሣሪያ ነው። ሁለቱም በተወለዱበት ዘመን ግዙፎች፣ ውድና የጥቂቶች ንብረት ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ግን እያነሱና እየቀለሉ ሄደው መኪናዋ ከጠባብ ግቢ፣ ሬዲዮዋም ከደረት ኪስ ለመግባት በቅተዋል። የኢንዱስትሪው ዓለም ዛሬም በየዓመቱ ስለሚያወጣቸው ትንንሽ መኪኖችና የኪስ የድምፅ መሣሪያዎች «መጪው ሞዴል» እያለ ያውጃል፤ ገዢውም በእጁ ያለውን ሳይጠግብ የሚመጣውን ይናፍቃል።

ከዚህ ላይ ተራ የሚመስል፣ ግን ሥር ያለው የሞራል ጥያቄ ይነሣል። ዕቃው ሲያንስ የባለቤቱ ግዴታስ አብሮ ያንሳልን? በአደባባይ የሚሰማ ድምፅ የሁሉ ነበር፤ በአንድ ጆሮ የሚሰማ ድምፅ የማን ነው? አውቶቡስ የመንገደኛው ሁሉ ተስፋ ነበር፤ አራት ሰው ብቻ የምትይዘው መኪና በመንገድ ዳር ለቆመው ሰው ምን ዕዳ አለባት?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈለግበት ተገቢ ስፍራ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ለትርዒት የሚቀርቡበት አዳራሽ አይደለም። ዕቃው እምብዛም ያልደረሰበት ስፍራ ነው፤ የአንድ ነገር ዋጋ ጎልቶ የሚታየው በበዛበት ሳይሆን በታጣበት ነውና። በዋግ ኽምራ፣ ወደ ተከዜ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው ምድር የምትገኘው ሰሃላ እንዲህ ያለች ስፍራ ናት። ገደሉና ቁልቁለቱ አብዛኛውን ጉዞ ለእግርና ለአህያ ትተውታል። ሕመምተኛ በቃሬዛ፣ እህል በአህያ ጀርባ፣ ወሬ በመንገደኛ አፍ ይጓዛል። በእንዲህ ያለ አገር ስለ መኪና ሲወራ የሚጠየቀው «ሞዴሉ ስንት ነው?» ተብሎ አይደለም፤ «መኪናው መጣ ወይስ አልመጣም?» ተብሎ ነው።

የዚህ አካባቢ ሕዝብ ግን መሣሪያው ስላልደረሰው ስለ ርቀት ፍልስፍና የሌለው ሕዝብ አይደለም። ሰቆጣ በጥንቱ የአሞሌ ጨው ንግድ የታወቀች ገበያ ነበረች። ከአፋር ምድር የተቆረጠው ጨው በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ወደ ደጋው ሲወጣ ወሬም አብሮት ይወጣ ነበር። ጨው በሚቆረጥበት በአፋር ዘንድ «ዳጉ» የሚባል ሥርዓት አለ። ሁለት መንገደኞች በተገናኙ ጊዜ ቆም ብለው፣ ወይም አረፍ ብለው፣ አንዱ ለሌላው ያየውንና የሰማውን ይነግራል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙ፣ ስለ በሽታው። የሰማውን ደብቆ ማለፍ ወይም አጣሞ መናገር ነውር ነው። በደጋውም ከገበያ የተመለሰ ሰው ጭነቱን ሳያራግፍ «ምን ተሰማ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከነዚህ ልማዶች ሥር አንድ ያልተጻፈ ሕግ ይገኛል፤ የሰማ ሰው ላልሰማው ባለዕዳ ነው። ወሬ ከመንገድ የተገኘ የጋራ ገንዘብ እንጂ የግል ጥሪት አይደለም።

የኪስ ሬዲዮ ወደ ዓለም የመጣው ይህ ሕግ በገጠሩ ጸንቶ ሳለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ባለ ትራንዚስተር ሬዲዮ ለገበያ ቀረበች፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ የፊሊፕስ ኩባንያ ካሴትን በበርሊን አስተዋወቀ። ሁለቱ ፈጠራዎች በባትሪ ድንጋይ የሚሠሩ ስለሆኑ መብራት ወዳልገባበት መንደር መዝለቅ ቻሉ። በኢትዮጵያ ገጠር የአንድ ሰው ሬዲዮ የአንድ ሰው ብቻ ሆና አልኖረችም። ባለቤቷ ከደጃፉ ሲያስቀምጣት ጎረቤት ይሰበሰባል፤ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ጥቂት ነፍስ ይዘራል፤ ከሁሉ ኋላ የመጣውም «ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። ትንሿ መሣሪያ የዳጉን ሕግ አላፈረሰችም፤ ይልቁንም ለሕጉ አዲስ አንደበት ሆነችለት።

የሕጉ ፈተና የመጣው በጆሮ ማዳመጫ በኩል ነው። የሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1979 ዎክማን የተባለውን በእጅ የሚያዝ የካሴት ማጫወቻ በጃፓን አወጣ። ስለዚህ መሣሪያ አፈጣጠር የኩባንያው መሪ አኪዮ ሞሪታ በሕይወት ታሪኩ የተረከው አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ሞሪታ መሣሪያውን ከቤቱ ወስዶ ሲሞክረው ባለቤቱ ከእርሱ ተለይታ የቀረች መስሎ ተሰማት። ስለዚህም የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት ሰዎች አብረው እንዲያዳምጡበት ሁለት የማዳመጫ መሰኪያ ተደረገለት፤ ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ ሁለቱ እንዲነጋገሩ የሚያስችል አዝራርም ተጨመረለት። ገዢው ግን መሣሪያውን እንደ ግል ዕቃው ብቻ ያዘው። በኋላ በወጡት ሞዴሎች ያ የመነጋገሪያ አዝራር ቀረ። በአንድ ትንሽ አዝራር መቅረት አንድ ትልቅ ነገር ተወሰነ ማለት ነው፤ ሠሪው ለሁለት ያሰበውን ገበያው ለአንድ አደረገው።

ይህን በማየት ብቻ ለብቻ ማዳመጥን እንደ ክፉ ምግባር መኮነን ግን ችኮላ ይሆናል። የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ሥርጭት እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅም እ.ኤ.አ. በ1982 ጀመሩ። በወታደራዊው መንግሥት ዘመን ብዙ ሰው እንዲህ ያሉትን የውጭ ጣቢያዎች ያዳምጥ የነበረው በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ ጆሮውን ከሬዲዮው አስጠግቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ለብቻ መስማት ራስ ወዳድነት አልነበረም፤ ነገርን በራስ ኅሊና የመመዘን መብት ነበር። ዛሬም ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ጠባብ ቤት ትምህርቷን በማዳመጫ የምትከታተል ልጃገረድ ከቤተሰቧ የነጠቀችው ነገር የለም። ብቸኝነት ለባለጸጋ የሚሰለች ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለብቻ የምትሆንበት ጥግ ለሌላት ልጅ ግን ሀብት ነው። ኅብረት የግለሰቡን ኅሊና ጨፍልቆ የሚቆም ከሆነ ኅብረት መባሉ ይቀርና መንጋ ይሆናል።

እንግዲህ ልዩነቱ የት ላይ ነው? ልዩነቱ ለብቻ በመስማትና ለብቻ በማስቀረት መካከል ነው። የመጀመሪያው መብት ሲሆን ሁለተኛው ዕዳን መካድ ነው። ምሳሌ ይቅረብ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ባጠረ ጊዜ በድርቁ ክፉኛ ከተጎዱት የዋግ ኽምራ ወረዳዎች አንዷ ሰሃላ ነበረች። በእንዲህ ያለ ወቅት ማዳመጫ በጆሮው የሰካ አንድ ወጣት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል እንበል። ስለ ዝናቡ ትንበያ፣ ስለ እህልና ስለ ከብት ዋጋ፣ ዕርዳታም የሚታደል ከሆነ ስለ ቀኑና ስለ ስፍራው ይሰማል። አንድ አዛውንት ፍየሎቻቸውን እየነዱ ሲያልፉ «ልጄ፣ ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁታል። ወጣቱ ማዳመጫውን ሳያወጣ «ምንም አይል» ቢላቸው፣ አዛውንቱም ሳይሰሙ ፍየሎቻቸውን ርካሽ ወደሆነበት ገበያ ቢነዱ፣ ወጣቱ የሠራው በደል ምንድን ነው? አልሰረቀም፤ አልመታም። ከአዛውንቱ እጅ የወሰደው ነገርም የለም። ግን የጋራ የሆነውን ይዞ ቀርቷል። ማዳመጫውን አውጥቶ የሰማውን ለመንገር የሚፈጀው ጊዜ የአንድ ትንፋሽ ያህል ነው፤ የነፈገው ነገር ግን የአንድ ቤተሰብ የከረመ ጥሪት ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ባነሰ ቁጥር ዕዳውን መክፈል ቀለለ እንጂ ዕዳው አልቀለለም።

ይኸው ሕግ ወደ መኪናዋ ሲዞር ጥያቄው ከባለቤቱ አልፎ ወደ ሠሪው ይዘልቃል። ባለፈው ምዕተ ዓመት በኤሮፓ ሁለት ወገኖች ለተራው ሕዝብ ትንሽ መኪና እንሥራ ብለው ተነሥተው ነበር። በፈረንሳይ የሲትሮየን ኩባንያ ሁለት ገበሬዎችና 50 ኪሎ ድንች የምትጭን፣ ቅርጫት ሙሉ እንቁላል ይዛ በታረሰ ማሳ ላይ ስታልፍ አንዱን እንኳ የማትሰብር መኪና እንዲቀረጽ አዘዘ። ያች መኪና ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1948 በፓሪስ ለሕዝብ ታየች፤ እስከ 1990ም ስትመረት ቆየች። መልኳ አስቂኝ ነበር፤ መነሻዋ ግን የገበሬው እንቁላል ነበረ። በዚያው ዘመን በጀርመን የናዚ መንግሥት ለሠራተኛው ርካሽ መኪና እሰጣለሁ ብሎ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሳምንት 5 ማርክ የቴምብር ቁጠባ አስጀመረ። ከ330 ሺህ በላይ ሰዎች እየቆጠቡ ቴምብሩን በደብተራቸው ላይ ለጠፉ። በዚያ ቁጠባ አንድም ሰው መኪና አልተረከበም፤ ፋብሪካው ለጦር ሠራዊቱ ተሽከርካሪ ማምረት ጀመረና። የመጀመሪያዎቹ የሰውን ችግር ተመልክተው ዕቃ ሠሩ፤ ሁለተኛዎቹ የሰውን ናፍቆት ተመልክተው ተስፋ ሸጡ። መጪው ሞዴል ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ መንገዶች በአንደኛው ላይ የቆመ ነው።

አዲስ አበባም በዚህ ረገድ የራሷን ትምህርት ሰጥታለች። ሕዝቡ «ውይይት» ብሎ የሰየማቸው ታክሲዎች የጭነት ክፍላቸው በአግዳሚ ወንበር የተሞላ፣ ተሳፋሪው ግራና ቀኝ ተቀምጦ ፊት ለፊት የሚተያይባቸው ትንንሽ መኪኖች ነበሩ። ፋብሪካው ለዚህ አገልግሎት አልቀረጻቸውም፤ የሀገሩ ብየዳ ሠሪና ሾፌር ግን ትንሽነታቸውን ወደ ኅብረት ለወጡት። ስማቸው ራሱ ይመሰክራል፤ በነርሱ ውስጥ የተሳፈረ ሰው የባልንጀራውን ፊት ሳያይ፣ ወሬውንም ሳይሰማ ከመድረሻው አይደርስም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የዋና ከተማይቱ መጪ ሞዴል በኤሌክትሪክ የምትሠራ መኪና ሆናለች። ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለማዳንና ከሀገሪቱ ወንዞች የሚገኘውን ኃይል ለመጠቀም የታሰበ በመሆኑ ውሳኔው ምክንያት አልጎደለውም። ነገር ግን በዋግ ኽምራ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ መብራትና ስልክ ተቋርጦ የከረመባቸው ወራት የሩቅ ትዝታ አይደሉም። ምድሩን ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ ግልጽ ነው። ተከዜን የመሰለ ወንዝ በግድብ ተይዞ ብርሃን በሚያመነጭበት ተፋሰስ የሚኖር ገበሬ የዚያ ብርሃን ድርሻው ምን ያህል ነው?

በዚህ ስፍራ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይመጣል። «የሰሃላን ሰው የሚያድነው የባለ መኪናው ቸርነትና የባለ ማዳመጫው ጨዋነት አይደለም፤ መንገድ፣ ድልድይ፣ ጤና ጣቢያና መብራት ነው» የሚል። ተቃውሞው እውነት አለው። መልካም ምግባር የመንገድ ምትክ ሊሆን አይችልም፤ ቸርነት እየተባለ መብት እንዲረሳ ማድረግም ሌላ ነውር ነው። ይሁን እንጂ መንገድ ይሠራ ብሎ የሚወስነው ኅሊና ከሰማይ አይወርድም። በትንሹ ዕቃ ዕዳውን ያልለመደ ሰው በትልቁ ሥልጣን ዕዳውን አያስታውስም። ማዳመጫውን አውጥቶ ለአዛውንት መልስ መስጠት የከበደው ወጣት ነገ ከጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሩቁ ወረዳ ጩኸት ከጆሮው ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ሁለቱ ዕዳዎች፣ የግለሰቡና የኅብረተሰቡ፣ አንዱ ሌላውን የሚተካ ሳይሆን አንዱ ሌላውን የሚወልድ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚታረም አንድ አባባል አለ። መጪው ሞዴል ያልደረሰውን ሕዝብ «ኋላ ቀር» ብሎ መጥራት ተለምዷል። ኋላ መቅረት የሚለካው በዕቃው ሞዴል ከሆነ፣ ዕቃው በየዓመቱ ስለሚለወጥ፣ ሁሉም ሰው ዘወትር ኋላ ቀር ነው፤ ቃሉም ትርጉም ያጣል። ድህነትን አስውቦ፣ ቃሬዛን እንደ ባህል ቅርስ አወድሶ መጻፍም እንዲሁ ስሕተት ነው፤ በቃሬዛ ላይ ያለችው ወላድ ቅርስ አትሻም፤ መኪና ትሻለች። ትክክለኛው መለኪያ በሁለቱ መካከል ይገኛል። አንድ ኅብረተሰብ ወደ ፊት ሄደ የሚባለው አዲሱ ዕቃ ከመጀመሪያው ገዢ እጅ ተነሥቶ ከመጨረሻው መንገደኛ ዘንድ እስኪደርስ የሚፈጀውን ዘመን ባሳጠረ ልክ ነው።

ይህ ዕዳ ከሁሉ ይልቅ የሚመለከታቸው ቀድመው የሚሰሙ ሰዎች ናቸው። መምህሩ መጽሐፉን፣ የሕዝብ አገልጋዩ መመሪያውን፣ ከያኒው የዘመኑን ድምፅ ከሌላው ቀድመው ይሰማሉ። እያንዳንዳቸው በጆሯቸው ማዳመጫ የሰኩ ያህል ናቸው። በዋግ ሕፃናት በአፍ መፍቻቸው በኽምጠኛ መማር ከመጀመራቸው አስቀድሞ፣ በሌላ ቋንቋ የሚሰጠውን ትምህርት በልጆቹ ቋንቋ እየመለሰ ያስረዳ መምህር ቢኖር፣ ያ መምህር የዳጉን ሕግ ፈጽሟል ማለት ነው።

መኪኖች ገና ያንሳሉ፤ የድምፅ መሣሪያዎችም ከዓይን እስኪሰወሩ ይረቅቃሉ። ያ ሁሉ የሠሪዎች ጥበብ ነው፤ ሊደነቅም ይገባዋል። የሰሃላ መንገደኛ ግን ወደ ተከዜ በሚወርደው መንገድ ዳር ቆሞ ሁለት አሮጌ ጥያቄዎች ይጠይቃል። ባለ መኪናውን «ቦታ አለ?» ይለዋል፤ ባለ ማዳመጫውን «ምን ይላል?» ይለዋል። ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ አዝራር ያለው ሞዴል አይመጣም፤ መልሱ ከባለቤቱ ይጠበቃል።